ማስተር ፕላን የተጀመረው ከከተማ ዳር ነው

ማስተር ፕላን ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን መሀል ከተማ ነው። የሚፈርስ አጥር፣ የሚሰፋ መንገድ፣ «የእናንተ ሰፈር ተነካ ወይ?» የሚል ስልክ። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህማ ወሬው ሁሉ እሱ ሆኗል። ፕላን ማለት ያለውን አፍርሶ መሥራት የሚመስለው ሰው ቢበዛ አይገርምም።

አነሳሱ ግን ሌላ ነው። እንግሊዝ በ1909 የመጀመሪያውን የከተማ ፕላን ሕግ ስታወጣ መሀል ከተማውን ትታዋለች። ሕጉ የያዘው የዳሩን መሬት ነበር። ገና እርሻና ግጦሽ የሆነውን፣ ዛሬ ነገ ግን ቤት ሊሠራበት የተቃረበውን። ለምን ከዳር ተጀመረ? ሠራ ወይስ አልሠራም? ወደ እኛስ በየት በኩል መጣ? (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰዉ ለምን ወደ ዳር ወጣ?

በባቡር ምክንያት። በ1801 የለንደን ነዋሪ አንድ ሚሊዮን አይሞላም ነበር። በ1901 ከዙሪያዋ ጋር 6.5 ሚሊዮን ደረሰ። ይህን ያህል ሕዝብ ከሥራው በእግር በሚደረስበት ቦታ ማስፈር አይቻልም።

በ1883 የወጣ ሕግ የባቡር ድርጅቶች ለሠራተኛ ርካሽ ባቡር እንዲያቀርቡ አስገደደ። በሰሜን ምሥራቅ ለንደን በኩልማ ከዚያም በፊት በ2 ፔኒ የደርሶ መልስ ትኬት ነበር። ውጤቱን ለማየት ዋልተምስቶ የተባለችውን ቦታ መመልከት ይበቃል። በ1871 ወደ 11 ሺህ ሰው ነበረባት። በ1901 ወደ 95 ሺህ። ሠላሳ ዓመት ብቻ ነው። ጀሞን ወይም ሰሚትን ሜዳ ሳሉ የሚያውቃቸው አንባቢ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ባቡሩ የደረሰበትን መሬት ሁሉ አልሚ ይገዛዋል። ሸንሽኖ ቤት ይደረድርበታል፣ ይሸጣል፣ ወደሚቀጥለው ማሳ ያልፋል። የአንዱ አልሚ መንገድ ከጎረቤቱ መንገድ ጋር ይገናኝ አይገናኝ ጉዳዩ አይደለም። ትምህርት ቤት የት ይሁን፣ ልጅ የት ይጫወት የሚለውም እንደዚያው።

ሕግ አልነበረም እንዴ?

ነበረ። ኮሌራ ካስተማራቸው በኋላ በ1875 ትልቅ የሕዝብ ጤና ሕግ ወጥቷል። ማዘጋጃ ቤቶች በእሱ ላይ ተመሥርተው የግንባታ ደንብ አወጡ። በብዙ ቦታ አንድ ደህና መንገድ ቢያንስ 11 ሜትር እንዲሰፋ፣ ከቤቱ ጀርባ ክፍት ቦታ እንዲተው፣ ፍሳሹ በቱቦ እንዲሄድ ታዘዘ። ደንቡ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ይህን መካድ አይቻልም።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ድግስ ላይ የእያንዳንዱን ወጥ ጨው የሚቀምስ ሰው ቆሞ፣ ስንት እንግዳ እንደሚመጣና የት እንደሚቀመጥ ግን የሚጠይቅ ሲጠፋ የሚሆነውን አስቡት። ደንቡም እንደዚያ ነበር። እያንዳንዷን ቤት ይመረምራል። በአንድ ሄክታር ስንት ቤት ይቁም፣ ዋናው መንገድ በየት ይለፍ፣ ፋብሪካው ከየትኛው ወገን ይሁን የሚሉትን አያውቃቸውም። በዚህም ላይ አልሚው የደንቡን ዝቅተኛ ልክ እንደ ከፍተኛ ይይዘዋል። የተፈቀደለትን ያህል ጥቅጥቅ አድርጎ ይሠራል። ዛሬም በእንግሊዝ ከተሞች የሚታዩት፣ ማለቂያ የሌላቸው፣ አንዱ ከአንዱ የማይለይ የጡብ ቤት ረድፎች የዚያ ደንብ ልጆች ናቸው።

ታዲያ «ፕላን» ያመጣው አዲስ ነገር ምንድን ነው?

አስቀድሞ መወሰን ነው። ደንብ ማመልከቻ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ፕላን ግን ማንም ሳያመለክት መንገዱ እዚህ፣ መናፈሻው እዚያ፣ በዚህ በኩል ከዚህ ያህል ቤት በላይ አይሠራም ብሎ ካርታ ላይ ያሰፍራል። ባለመሬቱ ሊሠራ ሲመጣ ካርታው ይጠብቀዋል።

ጀርመኖች በዚህ ቀድመዋል። ፕሩሲያ በ1875 ባወጣችው ሕግ ከተሞች በባዶ መሬት ላይ የወደፊት መንገዶችን መስመር እንዲያሰምሩና በመስመሩ ላይ ግንባታ እንዲከለክሉ አስችላለች። ፍራንክፈርት በ1891 ከተማዋን በቀጠና ከፋፍላ መሀሉ ላይ ጠበቅና ከፍ ብሎ እንዲሠራ፣ ወደ ዳር ሲወጣ ግን ዝቅና ሰፋ እንዲል ደነገገች። የበርሚንግሃም የቤቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበረው ጆን ኔትልፎልድ በ1905 ጀርመን ሄዶ አይቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ባገኘው መድረክ ሁሉ አሮጌውን ከማከም የዳሩን ከመበላሸቱ በፊት መያዝ ይቀላል፣ ይረክሳልም እያለ ይከራከር ነበር። ለምን ከዳር ተጀመረ ለሚለው ጥያቄ ዋናው መልስ ይኸው ነው። መሀል ከተማውን ለማስተካከል መግዛትና ማፍረስ ያስፈልጋል። የዳር ማሳ ላይ ግን እርሳስና ካርታ ከበቂ በላይ ነው፤ ቢያንስ ያን ጊዜ እንደዚያ ነበር የመሰላቸው።

አገር ውስጥም የሚታይ ነገር ነበር። በርሚንግሃም አጠገብ የቸኮሌት ፋብሪካው ባለቤት ጆርጅ ካድበሪ ከ1890ዎቹ ጀምሮ ቦርንቪል የሚባል ባለ አትክልት መንደር ሠርቷል። ኤቤኔዘር ሃዋርድ ደግሞ የፓርላማ ንግግር በአጭር ጽሕፈት እየጻፈ የሚተዳደር ሰው ነበር። ባለሙያ አይባልም። በ1898 ያሳተመው ሐሳብ ግን በ1903 ሌችወርዝ የምትባል ከተማ ወልዷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። የሃዋርድ «የአትክልት ከተማ» ራሷን የቻለች፣ የራሷ ፋብሪካና እርሻ ያላት፣ ከትልቁ ከተማ የራቀች ናት። «የአትክልት ሰፈር» የሚባለው ግን ከትልቁ ከተማ ጋር የተያያዘ ዳር ነው። ሰዉ ጠዋት ወደ መሀል ይሄዳል፣ ማታ ለማደር ይመለሳል። በኋላ ዓለምን ያዳረሰው ሁለተኛው ነው።

ከሁለተኛው ዓይነት ስሟ የገነነው ሃምፕስቴድ ናት። ሄንሪየታ ባርኔት ከቄስ ባሏ ጋር በምሥራቅ ለንደን ድሆች መሀል ወደ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። የምድር ውስጥ ባቡር ወደ ሰሜን ሊዘልቅ መሆኑን ስትሰማ በባቡሩ ጭራ የሚመጣውን የጡብ ረድፍ አወቀችው። ገንዘብ አሰባስባ ከኢተን ኮሌጅ ወደ 98 ሄክታር አስገዛች። ንድፉን ለአርክቴክቱ ሬይመንድ አንዊን ሰጠችው። አንዊን ግን ወዲያው ከደንቡ ጋር ተጋጨ። እሱ የፈለገው አጫጭር፣ ጠባብ፣ ጭራቸው የተዘጋ የሰፈር መንገዶችን ነው። ደንቡ ደግሞ መንገድ ሁሉ ሰፊ ይሁን ይላል። መውጫው ፓርላማ ነበር። በ1906 ለዚች አንድ ሰፈር ብቻ ልዩ ሕግ ወጣ። አጫጭሮቹ መንገዶች 6 ሜትር መሆን ይችላሉ፤ በልዋጩ በአማካይ በሄክታር ከ20 ቤት በላይ አይሠራም፤ ፊት ለፊት በሚተያዩ ቤቶች መካከል ቢያንስ 15 ሜትር ይኑር ተባለ። ጥሩ ሰፈር ለመሥራት ሕግ ማስቀየር ማስፈለጉ ብዙ ሰው ያስገረመ ይመስለኛል። ለአንዷ ከተፈቀደ ለሌላውስ ለምን አይሆንም?

የ1909ኙ ሕግ ምን አለ?

ሕጉን ፓርላማ ያቀረበው ጆን በርንስ ነው። ከፋብሪካ ሠራተኝነት ተነስቶ፣ በ1889ኙ የወደብ ሠራተኞች አድማ ታውቆ፣ ሚኒስትር የሆነ ሰው። ሕጉ ጤናማ ቤት፣ ደስ የሚል ከተማ፣ ለጤና የሚስማማ ዳርቻ እንዲያመጣ ተስፋ እንደሚያደርግ ለምክር ቤቱ ተናገረ። ሕጉ በታኅሣሥ 1909 ጸደቀ።

ይዘቱ ከንግግሩ ይልቅ ቁጥብ ነው። ማዘጋጃ ቤት ግንባታ እየተጀመረበት ላለ ወይም ሊሠራበት ለተቃረበ መሬት ፕላን ማውጣት ይችላል። ይችላል እንጂ አይገደድም። የተሠራ መሬት በፕላኑ የሚካተተው ለዳሩ የግድ ሲያስፈልግ ነው። ለመጀመር የማዕከላዊ መንግሥቱ የአካባቢ አስተዳደር ቦርድ ይሁን ማለት አለበት። ሲያልቅም እንደገና ማጽደቅ አለበት። በመሀል ባለመሬቶች ይጠራሉ፣ ካርታው ይታያል፣ መርማሪ ከለንደን መጥቶ አቤቱታ ይሰማል።

ገንዘቡ እንዴት እንደተደለደለ ልብ በሉ፣ ኋላ ጣጣ የሚያመጣው እሱ ነው። በፕላኑ የተጎዳ ባለመሬት ካሳ ይጠይቃል። መሬቱ በፕላኑ ምክንያት ዋጋ ከጨመረለት ባለመሬት ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ የጭማሪውን ግማሽ መጠየቅ ይችላል። በሄክታር የሚሠራው ቤት ቁጥር በአግባቡ ሲገደብ ግን ካሳ የለም።

በተግባር ምን ይመስል ነበር?

ከመጀመሪያዎቹ መካከል በ1913 የጸደቀው የበርሚንግሃም ፕላን አለ። ኲንተንን፣ ሃርቦርንንና ኤጅባስተንን ይይዛል፤ ስፋቱ ወደ 940 ሄክታር ነው። ከተማዋ በ1911 ወሰኗን ሦስት እጥፍ ገደማ አስፍታ ነበርና ብዙ ማሳ እጇ ገብቷል። የፕላን ኮሚቴው ሰብሳቢ ኔቪል ቼምበርሌን ነው፤ ያው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው። ዋና ዋና መንገዶች ወደፊት እንዲሰፉ ታስቦ ቤቶቹ ወደ ኋላ ተገፉ። መሀሉ ሣርና ዛፍ ሆኖ ቆየ። ትራፊኩ ሲመጣ ማንንም ሳያፈናቅሉ መንገዱን ማስፋት ተቻለ።

ከለንደን በስተምዕራብ ያለችው የራይስሊፕና ኖርዝውድ ወረዳ ደግሞ ሌላ ናት። የባቡር ጣቢያ ራይስሊፕ የደረሰው በ1904 ነው። በ1911 በወረዳው ወደ 6 ሺህ ሰው ብቻ ይኖር ነበር። ይህች ትንሽ ወረዳ ግን በ1914 ወደ 2,400 ሄክታር የሚሸፍን ፕላን አስጸደቀች። የትኛው ክፍል ለመኖሪያ፣ የትኛው ለሱቅ፣ ፋብሪካ የት ብቻ እንደሚፈቀድ፣ በየክፍሉ በሄክታር ስንት ቤት እንደሚቆም፣ ቤት ከመንገድ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ተወሰነ። የቤቱን መልክ አይቶ የመከልከል ሥልጣንም ለምክር ቤቱ ተሰጠ።

ይህች የመጨረሻዋ አንቀጽ በ1930ዎቹ ጉድ አፍልታለች። ኮኔል፣ ዋርድና ሉካስ የሚባሉ አርክቴክቶች ፓርክ አቬኑ በሚባል መንገድ ላይ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ፣ ነጭ የኮንክሪት ቤቶች አቀዱ። ምክር ቤቱ ሰፈሩን ያበላሻል ብሎ ተቃወመ። ጉዳዩ በሽምግልና ታየ። ቤቶቹ በመጨረሻ ተሠሩ። ዛሬ ቅርስ ተብለው በሕግ የተጠበቁ ናቸው!

ቤት ከቀነሰ ኪራይ አይወደድም?

ያኔም ትልቁ ክርክር ይህ ነበር። ባለመሬቶቹ በአንድ ቦታ ላይ ግማሽ ያህል ቤት ከተሠራ ድሃው የባሰ ይጎዳል አሉ። አንዊን በ1912 ባሳተመው ትንሽ ጽሑፍ በቁጥር መለሰላቸው። ስሌቱ ዛሬም ደስ ይላል።

4 ሄክታር የሆኑ ሁለት እኩል መሬቶች ወሰደ። በአንዱ ላይ በደንቡ መሠረት 340 ቤት ደረደረ። በሌላው ላይ 152 ብቻ። በመጀመሪያው አንድ ቤት የሚደርሰው ቦታ ወደ 70 ካሬ ነው። በሁለተኛው ወደ 220 ካሬ። ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሁለተኛው ቤት በቦታው ሳቢያ የሚጨመርበት ኪራይ ግን ሦስት እጥፍ አልሆነም። ጥቂት ሳንቲም ብቻ ነው።

ምስጢሩ መንገዱ ነው። ረድፎቹን ለማገልገል በደንቡ ልክ የተነጠፈ ብዙ መንገድ ያስፈልጋል። ንጣፍና ቱቦ ደግሞ ከዳር መሬት ይወደዳል። በሁለተኛው ንድፍ የመንገዱ ወጪ ከግማሽ በታች ወረደ። የተረፈው ገንዘብ መሬት ገዛ። ግን ይህ የሚሠራው መሬቱ ርካሽ ሲሆን ነው። መሀል ከተማ ላይ ስሌቱ ይገለበጣል። አንዊንም ለዚህ ነው ዳሩ ላይ የተከራከረው።

አንዊን ይሟገትለት የነበረው በሄክታር ወደ 30 ቤት የሚለው ልክ በ1918 የመንግሥት ኮሚቴ ሪፖርት ውስጥ ገባ። አንዊን ራሱ አባል ነበር። በ1919 የወጣው ሕግ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቶች በመንግሥት ድጎማ ቤት እንዲሠሩ አደረገ። ከ20 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞችም ፕላን የማውጣት ግዴታ ተጣለባቸው። በምሥራቅ ለንደን ዳር ከ1921 ጀምሮ የተሠራው ቤከንትሪ ወደ 26 ሺህ ቤቶች ነበሩት። የማዘጋጃ ቤት ሰፈር ሆኖ ያን ያህል ግዙፍ ያኔ አልነበረም።

ታዲያ የት ጋ ተበላሸ?

ካሳው ጋ። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል በእንግሊዝና ዌልስ ወደ አራት ሚሊዮን ቤት ተሠራ። አብዛኛው ዳር ላይ ነው። አውቶብስና መኪና ሲበዛ አልሚው ባቡር ጣቢያ መጠበቅ ትቶ የአገር አቋራጩን መንገድ ግራና ቀኝ ይዞ ይደረድር ጀመር። ቱቦውም መብራቱም እዚያው መንገዱ ዳር ስላለ ይረክስለታል። ይህን ለመግታት በ1935 ልዩ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነ።

ፕላን እያለ እንዴት? ማዘጋጃ ቤት አንድን ማሳ «ቤት አይሠራበትም» ካለ ካሳ ይከፍላል። ገንዘብ የለውም። ቀላሉ መንገድ ሁሉንም «ለመኖሪያ» ብሎ ቀለም መቀባትና በሄክታር የሚሠራውን ቁጥር ዝቅ ማድረግ ነው። ለዚህ ካሳ የለምና። በ1937 በየማዘጋጃ ቤቱ የነበሩት ፕላኖች ሲደመሩ ለመኖሪያ የተመደበው መሬት 291 ሚሊዮን ሰው ይይዛል ተባለ። የእንግሊዝና ዌልስ ሕዝብ በሙሉ ያን ጊዜ 41 ሚሊዮን ገደማ ነው! ካርታው በሙሉ ቀለም ተቀብቷል፣ ምንም ግን አልተከለከለም። ቋጠሮው የተፈታው በ1947 ነው። ያን ዓመት የወጣው ሕግ መሬቱን ለባለቤቱ ትቶ በላዩ የመገንባት መብትን ግን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ ወዲያ ያለ ፈቃድ መገንባት የለም፣ ለተከለከለም በጠቅላላው ካሳ የለም።

ሌላው ጉድለት ከመነሻው የተፈጠረ ነው። ሕጉ ዳሩን ሲይዝ መሀሉ ላይ ያለው ጎስቋላ ሰፈር እንዳለ ቀረ። ባርኔት ሃብታምና ድሃ ጎን ለጎን ይኖሩበታል ብላ ያሰበችው ሃምፕስቴድም ብዙ ሳይቆይ የደላው ሰው ሰፈር ሆነ። ዛሬ በለንደን ከውድ ሰፈሮች አንዱ ነው።

ወደ እኛ በየት መጣ?

በሁለት በር። የመጀመሪያው ክፉ ነበር። ጣሊያን ከ1936 በኋላ ለአዲስ አበባ ያወጣው ፕላን የቀጠናን መሣሪያ ለዘር መለያያ ተጠቀመበት። ለነጭ አንድ ወገን፣ «ለአገሬው» ሌላ ወገን ሆነ። የአራዳው ገበያ ከጊዮርጊስ ተነስቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ቦታ የሄደው በዚያ ፕላን ነው። ቤትን ከፋብሪካ ለመለየት የተፈጠረ መስመር ሰውን ከሰው ለመለየትም እንደሚያገለግል ያኔ ታየ።

ሁለተኛው በር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ነው። የ1909ኙ ሕግ በወጣበት ዓመት በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የከተማ ንድፍ ትምህርት ክፍል ተከፈተ። አበርክሮምቢ እዚያው አስተማረ፣ ቆይቶም ፕሮፌሰር ሆነ። በ1944 ለታላቋ ለንደን ባወጣው ፕላን ዳሩን በአረንጓዴ ቀበቶ አስሮ፣ ትርፉን ሕዝብ ከቀበቶው ውጭ ወደ አዳዲስ ከተሞች እንዲሄድ አድርጓል። ያንኑ ሐሳብ ይዞ በ1950ዎቹ አጋማሽ ለአዲስ አበባ ፕላን ሠራ። ከተማዋ የየራሳቸው ትምህርት ቤትና ገበያ ባላቸው ሰፈሮች እንድትከፈል፣ ዙሪያዋን ደግሞ ሳተላይት ከተሞች እንዲኖሯት አሰበ። አበርክሮምቢ በ1957 ሞተ። ከሐሳቡ መሬት የወረደው ጥቂት ነው።

የእኛ መንገድ ከእንግሊዞቹ የተለየው በመሬቱ ባለቤትነት ነው። በ1967 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ። እንግሊዝ በ1947 የመገንባት መብትን ብቻ ስትወስድ እኛ ጋ መሬቱም አብሮ ሄደ። ስለዚህ ማሳው ቤት አይሠራበትም ስለተባለ ብቻ ካሳ የሚጠይቅ ባለርስት የለም። የሚከፈለው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለተነሽው ለሚቋረጥበት ገቢ ነው። የ2000 ዓ.ም. (ይህም በእኛ አቆጣጠር) የከተማ ፕላን አዋጅ ደግሞ ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። የመላው ከተማ ጥቅል አቅጣጫ በመዋቅራዊ ፕላን ይወጣል፤ የአንድ ሰፈር ዝርዝር በአካባቢ ልማት ፕላን። ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ቦታችሁ በምን እንደተመደበ ስትጠይቁ ሁለቱንም አሳዩኝ በሉ። የመጀመሪያው ቀጠናውን ይነግራችኋል። መንገዱ በየትኛው አጥር በኩል እንደሚያልፍ የሚያሳየው ሁለተኛው ነው።